ጠባቂዎቹ ምን ይላሉ?

ከዐድዋ ብዙ በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም ደጃፍ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ሠዓሊ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ስሟ ቢያትሪስ ፕሌይን ይባላል። ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም፤ ሥርዓቱ ነው። መነኮሳቱ ግን እንግዳቸውን ባዶ እጇን አልመለሷትም። መጻሕፍቱን ተሸክመው ወደ ውጭ አወጡላትና ብራናውን ፊቷ ገለጡላት። በቀለም ያሸበረቁ ዓምዶችና ቅስቶች፣ በቅስቶቹ ላይ ወፎች፣ ከዚያም ወንጌላውያኑ አንድ በአንድ ታዩ። የሌላው ዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ከአባ ገሪማ ወንጌሎች ጋር የተዋወቁት በዚያች ደጃፍ ነው።

ስለ ሥዕል፣ ስለ ዜማና ስለ ፊልም ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ሠሪው ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ጠባቂው ነው። አንድ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ እስኪያርፍ አንዳንድ ጊዜ አሥራ አምስት መቶ ዓመት ያልፋል። ያን ሁሉ ዘመን ከእሳት፣ ከዝናብ፣ ከምስጥና ከዘራፊ ያዳነው ሰው አለ። ይህ ሰው ስለሚጠብቀው ነገር ይናገራልም፤ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ መጣ፣ ከማን እንደ ተቀበለው። ጥያቄው ቃሉ እንደ ማስረጃ ይቆጠርለታል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገሪማ አባቶች ስለ መጻሕፍታቸው የሚሉት ግልጽ ነበር፤ ወንጌሉን የጻፈው አባ ገሪማ ራሱ ነው። አባ ገሪማ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ነው። በገድሉ እንደ ተተረከው ከሮም ምድር፣ ከንጉሥ ቤት ወጥቶ ወደ አክሱም መጣ፤ የቀድሞ ስሙም ይስሐቅ ነበር። ወንጌሉን በአንዲት ቀን ጽፎ ጨረሰ፤ እስኪጨርስም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመችለት። ተስዓቱ ቅዱሳን የመጡት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በስድስተኛው መጀመሪያ ነው ስለሚባል፣ እንደ መነኮሳቱ ቃል መጻሕፍቱ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ይህን አልተቀበሉም።

ያልተቀበሉበት ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያቱንም አቃልሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቀን ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ዘመን ለማወቅ ሊቁ የፊደሉን ቅርጽ፣ የሥዕሉን አሣሣልና የቀለሙን ዓይነት ዘመናቸው ከታወቀ ሌሎች መጻሕፍት ጋር ያስተያያል። ከግዕዝ መጻሕፍት መካከል ግን ዘመናቸው ተለይቶ የታወቀው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉት ናቸው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ ከቀደምቶቹ አንዱ ተብሎ የሚጠራው እርሱ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የብዙ መቶ ዓመታት ጨለማ ነው። የገሪማን ወንጌል በአጠገቡ አስቀምጠው የሚያስተያዩት አቻ አልተገኘም። ስለዚህ ጥንቃቄ መስሏቸው ወደ ታወቀው ዘመን አስጠጉት፤ ወደ 1100 ገደማ። ግምቱ እየተደጋገመ ሲታተም እንደ እውነት ተቆጠረ፤ በአንድ ቀን ስለ ተጻፈው ወንጌል የሚተርከው ታሪክ ደግሞ ከተረት ተደመረ።

መጀመሪያ ጥርጣሬ የገባቸው የሥዕል ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የሆላንዱ ሊቅ ሮኩስ ዙርሞንድ በ1989 የማርቆስ ወንጌልን የግዕዝ ትርጉም አጥንቶ ሲያሳትም፣ የገሪማዎቹ መጻሕፍት የያዙት ቃል ከሌሎቹ ሁሉ የቀደመ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ቃሉ ጥንታዊ ከሆነ ብራናውስ? ጥያቄው በእንጥልጥል ቆየ።

መልሱ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ከብራናው ጥቃቅን ቁራጮች ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲሄዱ አደረገ። የሚለካው ካርቦን 14 ይባላል። ፍየሏ በሕይወት ሳለች ከምትበላው ቅጠል ይህን ንጥረ ነገር ትወስዳለች፤ ከታረደች በኋላ ግን መውሰዷ ይቆምና በውስጧ ያለው በታወቀ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ። የቀረው ሲለካ ቆዳው ከፍየሏ የተገፈፈበት ዘመን ይገመታል። ውጤቱ ለአንደኛው መጽሐፍ ከ390 እስከ 570፣ ለሌላው ከ530 እስከ 660 ሆነ። ሊቃውንቱ ከገመቱት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። መነኮሳቱ ወደሚሉት ዘመን ደረሰ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ፍሎረንስ ከተማ ማየት ይጠቅማል። እዚያ በሎሬንትሲያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የራቡላ ወንጌል በ586 በሶርያ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ስለ ጥንታዊ የወንጌል ሥዕል የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ እርሱን ሳይጠቅስ አያልፍም። የገሪማ ወንጌሎች የእርሱ እኩያ፣ ምናልባትም ታላቅ ሆነው ተገኙ። በሥዕል ካጌጡትና እስከ ዛሬ ከቆዩት የክርስቲያን ወንጌሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። የኖሩትም በነገሥታት ግምጃ ቤት ወይም በትልቅ ሙዚየም ውስጥ አይደለም፤ በአንድ የትግራይ ተራራ ላይ፣ ቅዳሴ በሚቀደስበት ገዳም፣ ሕዝብ እየተሳለማቸው ነው።

ልኬቱ ራሱ ወሰን አለው። የሚናገረው ስለ ቆዳው ብቻ ነው፤ ቀለሙ መቼ እንደ ተቀባ አይናገርም። «በአሮጌ ብራና ላይ ኋላ የተሣለ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለዚህ የሚመልሰው የሥዕሉ ሊቅ ነው፤ እዚህ ላይ ዓይን እንደገና ሥራ ያገኛል። የኦክስፎርዷ ጁዲት መከንዚና የዱራሙ ፍራንሲስ ዋትሰን በ2016 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ የገሪማዎቹ ዓምዶችና ቅስቶች በጥንታዊት እስክንድርያና በምሥራቁ የሜዲትራንያን ዓለም ከነበረው የሕንፃ ሥዕል ጋር እንዴት እንደሚዛመዱ አንድ በአንድ ተተንትኗል። በቅስቶቹ ሥር የሰፈሩት የአውሳቢዮስ ሠንጠረዦች ናቸው፤ በአራቱ ወንጌሎች የሚመሳሰሉ ክፍሎችን አንባቢው በቍጥር እንዲያገኝ የሚረዱ። ከወንጌላውያኑ ሥዕሎች ደግሞ የማርቆስ ይለያል፤ ሌሎቹ ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩ እርሱ ወደ ጎን ዞሮ በጳጳስ መንበር ላይ ተቀምጧል። የእስክንድርያ መንበር የማርቆስ መሆኑንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ መንበር ጳጳስ ስትቀበል መኖሯን የሚያስታውስ ሰው፣ ሠዓሊው ያን ወንበር ለምን ለማርቆስ ብቻ እንደ ሰጠው ይገባዋል።

በጥገና ጊዜም ሌላ ነገር ታየ። በተለያየ ዘመን መጻሕፍቱ ሲጠረዙ ቅጠሎቻቸው ተቀላቅለው ነበር፤ ያንዱ ገጽ ከሌላው ገብቷል። ከውጭ የመጡ ጠራዦች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ገዳሙ ወጥተው፣ መጻሕፍቱ ከገዳሙ ሳይርቁ፣ አባቶች እያዩ ጠገኑ። ይህ አሠራር ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም «ለደኅንነቱ» እየተባለ ከአገር የወጣውን የኢትዮጵያ ብራና ለሚያስብ ሰው፣ ሊቁ ወደ መጽሐፉ ሄዶ መጽሐፉ ካለበት አለመነሣቱ ትልቅ ነገር ነው።

ቤተ ሙከራው ፀሐይ መቆሟን አላረጋገጠም፤ ያ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ካርቦን አይለካውም። ያረጋገጠው ታሪኩ በተአምር ልብስ ተሸፍኖ የያዘው ፍሬ፣ ማለትም የዘመኑ ነገር፣ ለአሥራ አምስት መቶ ዓመት ሳይፈስ መቆየቱን ነው። ሊቃውንቱ ልብሱን ሲጥሉ ፍሬውንም አብረው ጣሉት።

በዜማ በኩል ደግሞ ጠባቂዎቹ ከተመራማሪዎቹ የበለጠ ጠንቃቃ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። በጥድፊያ የሚናገር ሰው «የቅዱስ ያሬድ ኖታ» ሲል ይሰማል፤ ዜማውም ምልክቱም አንድ ላይ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ይመስለዋል። የድጓ መምህራን ትውፊት ግን እንዲህ አይልም። ዜማው፣ ግዕዝ ዕዝል አራራዩ፣ የያሬድ ነው፤ በቃሉ ራስጌ በቀጭን ብዕር የሚጻፈውን ምልክት የሠሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የሚባሉ አሜሪካውያን የሙዚቃ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር የድጓ መጻሕፍትን በየዘመናቸው ደርድረው ሲመለከቱ፣ ምልክት በወጉ ተጽፎባቸው የሚገኙት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያሉት መሆናቸውን አዩ። የኔታ ለተማሪው በቃል ያስተላለፈው ቀንና ብራናው የሚመሰክረው ቀን ገጠሙ።

ይህችው ሸለመይ ከዚያ በፊት የደረሰባት ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ከባድና አከራካሪ ነው።

በ1973 ወጣት ተመራማሪ ሆና ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ፣ በጎንደር ዙሪያ ካሉት የቤተ እስራኤል መንደሮች ሄዳ ጸሎታቸውን ልትቀዳ ነበር። ከእርሷ በፊት መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867 መጥቶ ቤተ እስራኤልን ጎብኝቷል፤ ተማሪው ዣክ ፋይትሎቪች ደግሞ ከ1904 ጀምሮ እየተመላለሰ ዕድሜውን ለእነርሱ ጉዳይ ሰጥቷል። ሁለቱም የሚፈልጉት ከሩቅ ዘመን የተረፈ የአይሁድ ሃይማኖት ነው። ሸለመይም ይህንኑ ተስፋ ይዛ ነበር። ከሌላው የአይሁድ ዓለም ተለይቶ በኖረው በዚህ ሕዝብ ዜማ ውስጥ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ጥንታዊ የአይሁድ ዜማ ተደብቆ ይሆናል።

ቄሶቹ ጸሎቱን በግዕዝ ያዜማሉ፤ እዚህም እዚያም የአገውኛ ቃል ይገባል። ነጋሪት ይመታል፣ ቃጭል ይሰማል። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ተመራማሪዋ ቀድታ፣ ጽሑፉን ከዜማው ጋር ገጥማ፣ ከሌላው ጋር ስታስተያይ የተመሳሰለላት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳማት ሥርዓተ ጸሎት ጋር ነው። የሰዓታቱ አከፋፈል፣ የጸሎቶቹ ቃል፣ የአመራርና የአቀባበሉ ስልት ሁሉ ወደዚያ ይመራ ነበር። በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከኢትዮጵያ ምንኩስና ጋር በነበረ መቀራረብ ነው ብላ ደመደመች። ስትነሣ ልታገኝ ያሰበችውን ባታገኝም፣ ያገኘችውን ሳትሸሽግ ጻፈች። ለአንድ ተመራማሪ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቄሶቹ ይህን ጉዳይ ከጥንቱም ሲናገሩት መኖራቸው ነው። ጸሎታችሁን ማን ሠራላችሁ ሲባሉ የሚጠሩት አባ ሰብራን ነው። በትውፊታቸው አባ ሰብራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቲያኑ ወገን ወጥቶ ወደ ቤተ እስራኤል የመጣ መነኩሴ ነው። ጸጋ አምላክ የሚባል ደቀ መዝሙር ነበረው፤ እርሱም የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ልጅ እንደ ነበር ይተረካል። ሁለቱ ሆሐርዋ በተባለው ቦታ በዓት ይዘው ጸሎትንና ምንኩስናን አስተማሩ ይባላል። ምንኩስና በሌላው የአይሁድ ሕዝብ ዘንድ የተለመደ አይደለም፤ በቤተ እስራኤል ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መነኮሳት ነበሩ። ከውጭ የሚመጡት ጎብኚዎች ይህን ሲሰሙ፣ የሚፈልጉትን የሚያደናቅፍ ኋላ የመጣ ጭማሪ አድርገው ያዩት ነበር። ቄሱ በቃሉ፣ ተመራማሪዋ በቴፗ ግን አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

እዚህ ላይ ነገሩን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። የአንድ ጸሎት አመጣጥ የአንድ ሕዝብ አመጣጥ አይደለም። ዜማ ከጎረቤት ይወሰዳል፣ ይሰጣል፤ ሰው ከቋንቋውም ከምግቡም ይልቅ ዜማውን ቶሎ ሊቀይር ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉን ቀይሮ ዜማውን ይይዛል። የሸለመይ ጥናት ስለ ሥርዓተ ጸሎት ተናገረ፤ አንዳንድ አንባቢዎች ግን ስለ ዘርና ስለ ትውልድ የተናገረ አድርገው ወሰዱት፤ ማንነቱ በየቢሮው ጥያቄ ለቀረበበት ሕዝብ ይህ ያማል። ስቲቨን ካፕላንና ጄምስ ኪረን የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት በ1992 ባወጧቸው መጻሕፍት የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ መልኩን እየያዘ የመጣው እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዐፄ ይስሐቅና በተከታዮቹ ዘመን በነበረው ጦርነትና ርስት መነጠቅ መሆኑን አስፍተው አስረድተዋል። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም፤ መዘጋትም የለበትም።

ሕዝቡ ራሱ በ1984ና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዷል፤ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተጓጉዟል። ቄሶቹም ዜማቸውን ይዘው ሄዱ። ከ1986 ጀምሮ ሲምሓ አሮም፣ ኦሊቪዬ ቱርኒና ባልደረቦቻቸው እዚያው እስራኤል ጸሎቱን ከቄሶቹ አንደበት ቀድተው፣ ድምፁ በውስጡ እንዴት እንደ ተዋቀረ አጥንተዋል። በዓላቸው ስግድ በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በዚያን ቀን በኢየሩሳሌም ቄሶቹ ባሸበረቁ ጥላዎች ሥር ቆመው በግዕዝ ያዜማሉ። ከፊታቸው ከሚቆሙት ወጣቶች ብዙዎቹ ቃሉን አይረዱትም። ትውፊቱን ተሸክመው የመጡት አባቶች ደግሞ እያረጁ ነው።

ጠባቂነትን ራሱን የጥናቱ እምብርት ያደረገው ሊቅ በአርሲ ጢቾ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው። ተሾመ ገብርኤል በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.፣ ከ1970ዎቹ አንሥቶ በ2010 እስኪያርፍ ድረስ ፊልም አስተምሯል። «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚለውን ስያሜ ያወጡት በ1969 አርጀንቲናውያኑ ሶላናስና ሄቲኖ ናቸው፤ ከሆሊውድ ገበያና ከአውሮፓ ዳይሬክተሮች የግል ጥበብ የተለየ፣ ለነፃነት የሚታገል ሲኒማ ለማለት ነው። ተሾመ በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሐሳብ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለላቲን አሜሪካ ፊልሞች ማጥኛ አደረገው። ቆይቶ በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሦስተኛውን ሲኒማ የሕዝብ ትውስታ ጠባቂ ብሎ ጠራው። በይፋ የተጻፈው ታሪክ የዘለለውን፣ ሕዝብ ግን በአፉና በልቡ የያዘውን፣ ካሜራው ይጠብቀዋል ማለቱ ነው።

ተሾመ ሌላም ያስተዋለው ነገር አለ። የምዕራቡ ሃያሲ የአፍሪካን ፊልም ሲያይ «ይጓተታል» ይላል፤ ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሳይቆረጥ ያያል፣ ፊትን አቅርቦ ማሳየት እምብዛም ነው፣ ዝምታው ይረዝማል። ተሾመ ይህን ጉድለት አላለውም። በቃል በሚተርክ ባህል ውስጥ ሰው ከመሬቱና ከጎረቤቱ ተነጥሎ አይታይም፤ ስለዚህ ካሜራው ቦታውን ሁሉ ይይዛል፣ ጊዜንም እንደ ኑሮው ይተወዋል አለ። ይህን የሚጠራጠር ሰው ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ በ1974 የቀረጸውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ይመልከት።

የኃይሌ ስም ከዐድዋው ገዳም ጋር መገጣጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የእርሳቸው ነው። ኃይሌ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ከቻርልስ በርኔትና ከሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጋር ፊልም እየተማረ ሳለ፣ በዕረፍት ጊዜው ወደ አገሩ ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ የዕለት ኑሮ ነው፤ ሲነጋ ይነሣሉ፣ እሳት ይነድዳል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ከብት ይነዳል። ታሪኩን በሙሉ የሚያስታውስና ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው በመንደሩ አለ፤ መሬቱን የተነጠቀ የቀድሞ ወታደር፣ ከበበ። መንደርተኛው እብድ ይለዋል።

የተቀረጸበት ጊዜ ራሱ ታሪክ ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እየፈረሰ፣ ደርግ ገና ሥር ሳይሰድ ነበር። «መሬት ለአራሹ» የሚለው የተማሪዎች ጩኸት ከጎዳና ወደ አዋጅ ሊሻገር ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ፊልሙ ተጠናቅቆ በ1976 በስዊዘርላንድ በሎካርኖ ፌስቲቫል ሲሸለም፣ ጭሰኝነት በሕግ ከቀረ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሸራው ላይ ግን ባላባቱ አሁንም ከደጁ ተቀምጦ ያዛል፤ ገበሬው ጋቢውን አደግድጎ ይሰማል፤ ከበበም በዱላው ተደግፎ ቁልቁለቱን እየወረደ፣ ስለ ተወሰደበት መሬት ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል።